ክዳን

ሦስቴ ስሎ ነቃ የሪያድ ባጃጅ፣
ከሌሊቱ አሥራ አንድ፣ ከስቱዲዮዬ ደጅ።
ፈረንጅ አራዳን እንቅልፏ ውስጥ ትተን
ቦዬ ደረስን፣ አስፋልቱን ጨርሰን፣ ጭቃውን ጀምረን።
ሂሳቡን በጉርድ ፎቶ ነው የምንተሳሰበው፣
አራት ልጅ አለው፣ በየዓመቱ ትምህርት ቤት የሚመዘግበው።

ሁለት ባለሦስት እግር ጭቃው ላይ ተከልኩ፦
አንዱ ለካሜራው፤ በአንዱ እኔ ተቀመጥኩ።
የኔዋ ዋንዛ ናት፣ ከአንድ ግንድ የወጣች የጅማ በርጩማ፣
የሱ ብረት ነው፣ አንዱ ጉልበቱ ከሌሎቹ ጋር የማይስማማ።

የምፈልጋት ቅጽበት ከአንድ ትንፋሽ አትበልጥም፣
ካለፈች ተራ ቀን ናት፣ ካልደረሰች አትገለጥም፦
ብርሃን የጅሬንን ጫፍ ነክቶ ወደ ረግረጉ ሲወርድ፣
ጉሙ ከውሃው ተላቆ አንድ ክንድ ከፍ ብሎ ሲሄድ፣
በመሃል በቀረው ስንጥቅ ውሃው ነሐስ መስሎ፣
ሽመላ በአንድ እግሩ፣ ሌላውን ሆዱ ሥር ሰቅሎ።

ሦስተኛ ጥቅምቴ ነው።
አንዴ ዝናብ።
አንዴ ጉማሬ ወጥቶ እኔም ባጃጁም ሸሸን።
አንዴ ባትሪው በብርድ ሞተ።
አንዴ ደግሞ (ይህን ለማንም አልተናገርኩም) ሁሉም መጥቶ፣
ብርሃኑም ጉሙም ሽመላውም ቦታ ቦታቸውን ይዘው፣
እኔ ከፔርሙዝ ሻይ ስቀዳ፣
የሌንሱ ክዳን ሳይከፈት
ነጋ።

አባ ሜጫ ቄጤማ አጫጅ ነው።
ባገኘኝ ቁጥር ይጠይቀኛል፦
«ዛሬም አልመጣም?»
«ማን?»
«የምትጠብቀው ሰው።»
ጉሙ እስኪገለጥ እሱም ይጠብቃል፤ እየጠበቀ ግን ማጭዱን ይስላል፣
ድንጋይ፣ ምራቅ፣ ሸር፣ ሸር፤
«ሣሩን ካየሁ በኋላ ብስል ጠዋቱ ያልቃል» ይላል።

ሙኒራን ያሰብኳት ያኔ ነው።
ሁለት ዓመት ሙሉ በስቱዲዮዬ በር ስታልፍ ጠበቅኳት፣
ቃል ነበረኝ ያልተሳለ፤ ነገ እያልኩ አሳደርኩት።
አንድ ማክሰኞ ራሷ ገባች፣ በርጩማው ላይ ተቀመጠች፣
ሻሿን አስተካክላ ፊት ለፊቴ ቀና አለች።
«አራት ጉርድ። ለፓስፖርት። ከኋላው ነጭ።»
ዓይኗ ውስጥ የሆነ ነገር ነበር፣ ጥያቄ የሚመስል፣
እኔ ግን አፌ የለመደውን አልኩ፦
«አገጭሽን ዝቅ። ዓይንሽን እንዳትጨፍኝ።»
ብልጭ።

አራቱንም ይዛ ሄደች።
ትዕግሥት ነው ብዬ ነበር። ለካ
ክዳኑን ሳይከፍት የተቀመጠ ሰው
የሚጠብቀው ጨለማውን ነው።

ዛሬ ባትሪውን በብብቴ አሙቄ፣
ሌንሱን ከጤዛ ጠብቄ፣
ፎከሱን በጨለማ ዳስሼ፣ ክዳኑን ኪሴ ከትቼ፣
ሻዩን ለሪያድ ትቼ፣
ትንፋሼን እንኳ ወደ ጎን እያወጣሁ ተቀመጥኩ።

የጅሬን ጫፍ ቀላ።
ጉሙ ላላ።
አንድ ክንድ። ነሐሱ። ሽመላው።
ልጫነው ስል፣ አባ ሜጫ ከነሸክሙ
ከቄጤማው መሃል ብቅ አለ፣ እኩል ከጉሙ፣
ጎንበስ ብሎ፣ አረንጓዴ፣ የሚራመድ ቁጥቋጦ።
ዞር በል ልለው አፌን ከፈትኩ።
ጣቴ ቀደመኝ።

አንድ ነው። ሁለተኛ አልነበረም።
ሽመላው በረረ፣ ጉሙ ተበጠሰ፣ ከብቱ መጣ፣
ቀኑ ቀን ሆነ።

አባ ሜጫ ሸክሙን አውርዶ አጠገቤ ቆመ።
«ዛሬስ መጣ?»
«መጣ።»
«የታለ ታዲያ?»
«ሄደ።»
ራሱን ነቀነቀ፤ ማጭዱን ከወገቡ መዞ
እንደገና መሳል ጀመረ።

ስቱዲዮው ሁለት ሰዓት ላይ ይከፈታል።
ክዳኑን ከኪሴ አወጣሁ፣
አየሁት፣
መልሼ ከተትኩት።